ግስ ያጣ ቃል

አውቶቡሱ ከሚዞርበት፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ጭቃው ጫማ ከሚቀማበት፣
ዩኒቨርሲቲው ገና ጅምር፣ አጥሩ ሽቦ፣ በሩ ቆርቆሮ፣
ኡርዱ ተማርን ሦስት ሆነን፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ በአንድ ጆሮ።

ምደባው የወጣ ለታ እናቴ ስልክ ደውላ
«ምን ደረሰህ?» አለች። «ኡርዱ» አልኳት። ዝም ብላ ቆይታ፣ ኋላ፣
«እርዱ? ማንን ነው የምንረዳው?
እኛንስ ማን ረዳን፣ ልጄ? የዘይቱን ዋጋ አላየኸው?»
ቋንቋ ነው ብዬ፣ ሳላብራራ፣ ስልኩን ዘጋሁት፤
ፊደሉን ግን በዚያው ሌሊት ከቀኝ ወደ ግራ ዘረጋሁት።

መምህራችን ናዚር ሳሂብ፣ ኮታቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ቀጭን፣
«አሊፍ ይኼ ነው» አሉን፣ «ለተከታዩ አይሰጥም እጁን።»
ሁለት ዐይን ያላትን «ሄ» ሲያሳዩን ኢክራም ሳቀች፤
አያቷ ዘንድ ቁርኣን ቀርታ ፊደሉን ቀድማን ዐውቃ ነበረች፤
ይቺ ግን ለሷም እንግዳ፣ ትንፋሽ ብቻ፣ በሌላ ፊደል የተጠለለች።

«ኪታብ» ሲሉን መጽሐፍ ነው፤ እኔ አንገቴን ዳሰስኩ፣
ልጅ ሳለሁ ለቡዳ ያሰሩልኝን ክታብ አስታወስኩ።
«ወቅት» ሲሉን ጊዜ ነው፤ «ቀለም» ሲሉን ብዕር፤
ዘመድ ናቸው፣ ልብስ የለወጡ፣ ያሳደጋቸው ሌላ ምድር።

አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ጻፉ፦ «ካል»።
«ትናንት ማለት ነው» አሉ። ጻፍን። «ነገም ማለት ነው።»
                         ቶለሳ እጁን አወጣ፣ «እንዴት ይሆናል?»
«ግሱ ይለየዋል» አሉ፣ «እንደናንተው መጨረሻ ይመጣል፤
እስኪመጣ መታገሥ ነው። ሰሚ ቸኩሎ ምን ያገኛል?»

ቶለሳ ወደ መስኮቱ ዞረ።
እሱ የተቀመጠበት፣ ሰሌዳው የቆመበት፣ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበረ።
«ካል ጤፍ፣ ካል ፎቅ» አለ ለራሱ፣
ከሁላችን ቀድሞ ያን ቀን ኡርዱ ተማረ።

በሦስተኛው ዓመት ጋዘል። ሁለቱን ስንኝ «በይት» ይሉታል፣ ቤት ነው ያው፤
እንደ ኮዬ ፈጬ ብሎክ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቀው፣
ቤት መምቻው ብቻ፣ እንደ ውሃ ቧንቧ፣ ከላይ እታች የሚያገናኘው።
(ውሃው በሳምንት አንዴ ነው። ቤት መምቻው ግን ሁሌ ነው።)
በመጨረሻው በይት ገጣሚው የገዛ ስሙን ያስገባል፤
«ያንተማ ስም፣ ዘገየ» አሉኝ፣ «ስም መስሎ ግስ ይሆናል።»

ከዚያ አንድ ሰኞ ክፍሉ ተቆልፎ አገኘን።
አንዱ ታመዋል አለ፣ አንዱ ቪዛቸው አልታደሰም፤
ትምህርት ክፍሉ ይዘጋል አሉ፣ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልደረሰም።
ዘበኛው ጋሽ ደምሰው ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠኝ፤
«ዘገየ፣ ካል» ይላል፣ በዚያ ቁልቁል በሚንሸራተት ጽሕፈታቸው። በቃ።
                         ግሱን ማን ይንገረኝ?

ኢክራም ዱባይ ናት። ቶለሳ ገላን ላይ ሚኒባስ ይዟል።
ሲያልፍ ካየኝ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል፣
አንዱ ለትናንት፣ አንዱ ለነገ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል።
እናቴ ዛሬም ስትደውል «ያ እርዱ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች፤
«እየመጣ ነው» እላታለሁ። «የት ደረሰ?» ትላለች።

ማታ፣ መብራት ከመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወረቀቱን አወጣለሁ፤
በእሳቸው ደንብ ከቀኝ፣ በእናቴ ደንብ ከግራ አነብበዋለሁ።
ከቀኝ፦ «ዘገየ፣ ካል።» የሚጠራኝ ሰው አለ።
ከግራ፦ ካል ዘገየ።
ትናንት ይሁን ነገ እንጃ፤
ዘገየ እንጂ፣ ቀረ አላለ።